በአይጠየፍ ደጃፍ ያልተቀበልኩህ ጉርሻ

የልጄ አባት፣ አሰፋዬ፣

ከተለየኸን እነሆ አራተኛ ዓመታችንን ያዝን። ከተማችን መርሳም ደህና ናት፣ እኛም ደህና ነን። ጥይት የበሳሳውን የጣሪያ ቆርቆሮ አስቀይሬያለሁ። ልጃችን ሰብለ ከእኔ በላይ ረዝማ ወልድያ ትማራለች። ያ የምትጠላው የጎረቤት አውራ ዶሮ እንኳ ጦርነቱን አልፎ ዛሬም ያለ ሰዓቱ ይጮኻል። አንተን ያልማረ ጊዜ እሱን ማረው።

ባለፈው ቅዳሜ ሰብለን ይዤ ደሴ ውዬ መጣሁ፤ ንጉሡ ግብር ያበሉበትን አይጠየፍ አዳራሽ ላሳያት ብዬ። በተጋባን ዓመት ተማሪዎችህን ስታስጎበኝ እኔንም ይዘኸኝ ሄደህ አልነበር? ደጃፉ ላይ ቆመህ፣ ስሙ የወጣለት ደሃና ጌታ ሳይለይ፣ ማንንም ሳይጠየፍ ስለሚያበላ ነው ብለህ አስረዳሃቸው። ከዚያ ሳሩ ላይ ምሳ ስንበላ በልጆቹ ፊት ጠቅልለህ ዘረጋህልኝ። እኔ ግን መንገድ ላይ ተበላሽቶ የቆመ አውቶቡስ ሲገፋ ያረፈደ እጅ አያጎርሰኝም ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ አንተም እየሳቅክ ራስህ ጎረስከው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ወይዘሮ ትጠየፍ ሆኖ ቀረ።

ጦርነቱ ሲመጣ እኔንና ሰብለን ወደ ደሴ ልከህ፣ ቤት ልጠብቅ ብለህ ቀረህ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የሰው ብርጭቆ የማትነካው ሚስትህ በተጠለልንበት ትምህርት ቤት ከማታውቃቸው ሰባት ሰዎች ጋር ከአንድ ትሪ በላች። ከግራና ከተማ የተፈናቀሉት እማማ ዘሀራ፣ አልበላ ስላቸው እያባበሉ ያጎርሱኝ ነበር። እጃቸውን ታጥበው እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸው። ይህን ስትሰማ እንዴት እንደምትስቅ እያሰብኩ ለአንተ አቆየሁት። መንገድ ተከፍቶ ስመለስ ግን በየቀኑ የምትወስደው መድኃኒት አልቆብህ፣ ጎረቤቶቻችን ቀብረውህ ደረስኩ።

ያን ቀን ብጎርስልህ ምን ነበረበት? አዳራሹ ፊት ቆሜ እንደ አዲስ ቆጨኝ። ሰብለ ለምን እንደማለቅስ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀችብኝ፤ አሳሳቋ የአንተ ነው። እኔም እንባዬን ሳልጠርግ አብሬያት ሳቅኩ።

በየሙት ዓመትህ በሬን ከፍቼ እውላለሁ። ክርስቲያን ሙስሊም፣ ነዳይ መንገደኛ ሳልል አስገባለሁ፤ ለራሴም የብቻ ሳህን አላቀርብም። እስካለሁ እንዲሁ አደርግልሃለሁ። የማን ቤት ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ እንግዳም የአሰፋ ቤት ነው እለዋለሁ እንጂ፣ የአሰፋ ቤት ነበር አልልም።