በፎርሙ ላይ ያልተጻፈችው

ማክሰኞ

ግሪን ካርዴ መጣ። ከፒዛ ማስታወቂያና ከመብራት ቢል መሃል ተሸጉጦ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ አገኘሁት። አፓርታማ የምንጋራው ከፋጡማ ጋር ነው፤ ስታየው እልልታዋን ለቀቀችው፣ የሜስኪት ከተማ ሙሉ ሳይሰማት አልቀረም። ፎቶው ላይ ከሰው የተጣላሁ እመስላለሁ።

አለቀስኩ። ፋጡማ የደስታ መሰላት። ያለቀስኩት ግን ለነጃት ነው። እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ደሴ ያለችው ነጃት እህቴ አይደለችም። በአስራ ሰባት ዓመቴ የወለድኳት ልጄ ናት። ሳላገባ ስለወለድኩ እናቴ የእኔ ናት ብላ ወሰደቻት፤ የክትባት ካርዷም፣ ትምህርት ቤቷም በአባቴ ስም ሆነ። በሰፈራችን እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ አይደለም። የሚያውቅ ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። አሁን አስራ አራት ዓመቷ ነው። እኔን እትዬ ትለኛለች።

ረቡዕ

ስራ ገባሁ፣ ግሬፕቫይን ከተማ፣ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ። አንሶላ እያጠፍኩ ዲቪ የሞላሁበት ቀን መጣብኝ። የኢንተርኔት ቤቱ ሰውዬ "ልጅ አለሽ?" ሲለኝ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። የለኝም አልኩ። ዜሮ ጻፈና አለፈ። ያኔ መዋሸቴ እንኳ አልታወቀኝም፤ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለው የኖርኩትን ነው የደገምኩት። ኤምባሲም ጠየቁኝ። እዚያም የለኝም አልኩ። እዚያ ግን ታውቆኛል።

ሐሙስ

ፋጡማ ዛሬ፦ "ሶ አሁን ካርድ አለሽ፣ ለእህትሽ አፕላይ አድርጊላት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" ሳትጠይቀኝ ከአንዲት ጠበቃ ቀጠሮ ይዛልኛለች። ጥሩ ሰው ናት፣ ጥሩነቷ ግን አንዳንዴ መፈናፈኛ ያሳጣል።

ለነገ የምይዘው፦
ካርዱ።
ፓስፖርቴ።
የእኔ የልደት ወረቀት።
የነጃት የልደት ወረቀት፣ ስልኬ ላይ ያለው።

ሁለቱ ወረቀቶች ላይ የእናት ስም አንድ ነው። ብዙ ቆየሁ እያየሁት።

ዓርብ

ጠበቃዋ አማርኛ አትችልም፤ ፋጡማ አስተረጎመች። የገባኝ ይህ ነው፦ ካርድ ያለው ሰው ለትዳር ጓደኛውና ላላገባ ልጁ ማመልከት ይችላል። ለእህት አይችልም። ለእህት መጀመሪያ ዜጋ መሆን ነው፣ ከዚያም በኋላ ወረፋው ከአስር ዓመት በላይ ነው።

"ማለቴ፣ ልጅሽ ብትሆን ኖሮ ነገውኑ እንጀምር ነበር ነው የምትለው" አለችኝ ፋጡማ እየሳቀች።

ከአፌ አምልጦኝ፣ "ዲቪ ሲሞላ ልጁን ያልጻፈ ሰውስ?" ብለሽ ጠይቂልኝ አልኳት። ጠበቃዋ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። ያ ሰው የራሱንም ካርድ ሊያጣ ይችላል፣ ለማንኛውም ማመልከቻ ሳያስገባ ለብቻው መጥቶ ቢያነጋግረኝ ይሻላል አለች። ስልኳ ያለበትን ወረቀት ለእኔ ነው የሰጠችኝ።

መኪና ውስጥ ፋጡማ "ማነው እሱ ደግሞ?" አለችኝ። አንድ የስራ ጓደኛዬ ነው አልኳት። ይኸው አሁንም ውሸት።

ቅዳሜ

እናቴ ጋ ደወልኩ። እውነቱን ለጠበቃዋ ልናገር ነው አልኳት። ነጃት እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ካርድሽን ቢነጥቁሽስ? እሷስ ስትሰማ ምን ትበለኝ፣ እናቴ አይደለሽም ትበለኝ?"

ስደውል ተቆጥቼ ነበር፣ ልጄን ወሰድሽብኝ ልላት። አልቻልኩም። በትኩሳቷ ሌሊት የተቀመጠችው፣ ፊደል ያስቆጠረቻት፣ ትምህርት ቤት ስትጠራ የምትሄደው እሷ ናት። እኔ ምን አደረግኩ? ወለድኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔስ እያደር ተወሳሰበ።

እሁድ

ምንም አልሰራሁም። ፋጡማ ፎርት ዎርዝ ዘመዶቿ ጋ እንሂድ ብትለኝ ራሴን አመመኝ አልኳት። ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ዋልኩ፣ እንቅልፍ ግን የለም።

ሰኞ

በእረፍት ሰዓቴ ነጃት ደወለች። ለእህት ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ እናቴ ነግራታለች። እኔን ልታጽናናኝ ነው የደወለችው።

"እትዬ፣ እኔ ገና ልጅ ነኝ፣ እጠብቃለሁ። አንቺ እማዬን አስቀድሚ። ጉልበቷን እያመማት ነው። እናትሽ እኮ ናት።"

እሺ አልኳት። ለእናትም ዜግነት እንደሚያስፈልግ እንኳ አልነገርኳትም።

ስልኩን ዘግቼ ከማድረቂያዎቹ ጀርባ ሄድኩና ለጠበቃዋ ደወልኩ። አላነሳችም፤ መልእክት ተዪ አለኝ ማሽኑ። በዚያ በእንግሊዝኛዬ ስሜን ተናገርኩ። ከዚያ "ሺ ኢዝ ኖት ማይ ሲስተር" አልኩ። "ሺ ኢዝ ማይ ዶተር።"

በአማርኛ ለማንም ብዬው አላውቅም። ልጄ ናት ስል በአስራ አራት ዓመት ውስጥ መጀመሪያ የሰማኝ ማሽን ነው። ፎጣው ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ግን ደግሜ ልለው አማረኝ።

አሁን አስራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ስልኩን አጠገቤ አድርጌ ነው የምጽፈው። ጠበቃዋ እስካሁን አልደወለችም።