የታችኛው ዜሮ

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ምሽት።
ሱቅ ዘግቼ ገባሁ። ራት ሳይቀርብ ከልጄ ጋር ካልኩለስ። የዛሬው ኢንተግራል፦ ሳይን ኤክስ፣ ከዜሮ እስከ ፓይ። አንድ ወጣኝ። የሰብለም መልስ አንድ ነው። ደስ አለኝ። ማረጋገጫ ግን የለም፤ መጽሐፉን ከሾላ ስገዛው የመልሱ ገጾች ተቀድደው ነበር። በርበሬ ተጠቅልሎባቸው ይሆናል።
ሰኞ የማታ ኮሌጅ ፈተናዋ ነው። ይህን ኮርስ ሁለቴ ወድቃለች። አሁንም ከወደቀች ትምህርቱን ትተዋለች። አንተ ደብተር ታውቃለህ፤ አባቷ ሲሞት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አውጥቼ ምስር ጆንያ አጠገብ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል።
ከቤ/ክ መልስ። ያ አንድ አልዋጥልኝ አለ። ኢንተግራል ከኩርባው ሥር ያለው ስፋት ነው፤ ይህ ኩርባ ደግሞ ሰፊ ነው። ሰብለ በትልቅ ወረቀት ላይ በልኩ ሣለችው፤ አጠገቡም ጎኑ አንድ የሆነ ካሬ። በሁለቱም ላይ ምስር ሳይደራረብ አለበስን። እማዬ፣ ፈተናው ላይ ምስር ይዤ ልግባ? ትላለች። ክኩን ያዢ፣ አይንከባለልም አልኳት። ሳቅን።
መዘንነው። የኩርባው ምስር የካሬው እጥፍ! መልሱ ሁለት ነው ማለት ነው። ሳቋ ጠፋ። እርሳሷን ወርውራ ተነሣች። ይብቃኝ አለች። እኔ ምስሩን ለቃቀምኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13።
አገኘሁት! አገኘሁት!
ገበያው ደርቷል። አንዲት ደንበኛ ጣሳ ይዛ መጣች። “እትዬ፣ መጀመሪያ ባዶውን ይመዝኑልኝ፤ የጣሳ ዋጋ አልከፍልም” አለች። እጄ ሚዛኑ ላይ ቀረ።
የኢንተግራሉ የታችኛው ወሰን ዜሮ ሲሆን ምንም ነው ብለን ሳንቀንስ እናልፈዋለን። በኤክስ ስኩዌር ያዋጣ ነበር። የሳይን ኢንተግራል ግን ነጌቲቭ ኮሳይን ነው፤ የዜሮ ኮሳይን ደግሞ አንድ! ባዶው ጣሳ ይመዝናል። ካርቶን ቀድጄ ጻፍኩ፦ ከላይ አንድ። ከታች ነጌቲቭ አንድ። አንድ ሲቀነስ ነጌቲቭ አንድ፣ ሁለት!
ሰብለ ካርቶኑን አየች። ደግማ አየች። “እማዬ!” ብላ ስትጮህ በርበሬ ሻጯ ጎረቤታችን ሌባ መስሏት ዱላ ይዛ ደረሰች። ደንበኛዋ ምስሯን ትጠብቃለች። መርቄ ሰጠኋት፤ እፍኝ ሙሉ።
ሰብለ የድሮ ስሕተቶቿን አወጣች። ግማሾቹ ይኸው ናቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15።
ገብታ ወጣች። አልጠየቅኋት። አፏ ግን ዳር ዳሩ ይስቃል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30።
አለፈች! ስልኩ ውስጥ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ሱቁን በጊዜ ዘጋን። እንጦጦ ማርያም ስለት አደረስን። ከደጁ ወጥተን ባሕር ዛፉ ሥር ቁጭ አልን፤ ከተማው ከእግራችን በታች።
ነገ ማልዳ ሱቅ እንደምትከፍት ነገረችኝ። አይሆንም አልኩ። ከዚህ በኋላ ከማታው ወደ ቀኑ ክፍል እንድትዛወር ኮሌጁን ትጠይቃለች። ጆንያ ማን ያነሣልሻል? አለች። ግማሽ ግማሽ እያደረግሁ አነሣዋለሁ አልኳት። ተከራከረች። ከትምህርት ያወጣሁሽ እኔ ነኝ፣ የምመልስሽም እኔ ነኝ አልኳት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም።
የሱቁን ቁልፍ ተቀብያታለሁ። ነገ እኔ እከፍታለሁ።