የሄለን ስልክና የጋሼ ሙዘይን ፊሽካ

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ሰሊጥ ስናበጥር ዋልን። ትቢያው አፍንጫዬን ዘግቶታል። ቤት ስገባ እናትነሽ ውሃ እያቀረበችልኝ፣ "ደግሞ አሁን ኳስ ልትል ነው" አለች። ሚስት ቀድማ ታውቃለች... ውሃውን ጠጥቼ ወጣሁ።

አሥራ አራት ልጆች መጡ። ሁለቱ አንድ ታኬታ በየተራ ያደርጋሉ። ዓርብ ከጎረቤታችን ከመፋዛ ጋር ነን። ፍጻሜው በገና ዕለት። ዋንጫ የወሰደ ገዳሪፍ ከተማ ሄዶ፣ አጥርና መቀመጫ ያለው ሜዳ ላይ ይጫወታል። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ሱዳን፣ ሀዋታ፣ ሰሊጥ አጭጃለሁ። አንድ ቀን እዚያ ሜዳ ዳር "አሰልጣኝ" ተብዬ ብቆም ምን አለበት?

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

አንድ ለአንድ። አንድ ለአንድ?! ሁለት ለአንድ ነበር እንጂ!

መጀመሪያ ታምሬ በግርግር መሀል አገባልን። መፋዛዎች መለሱት። አሰልጣኛቸው ባንታምላክ ሜዳ ዳር እስክስታ ወረደ። ሊያልቅ ሲል ታምሬ ደገመው፤ መረቡ ተወጠረ፤ እኔ አየር ላይ ነኝ... ፊሽካ። ኦፍሳይድ።

ዳኛው ጋሼ ሙዘይን ናቸው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጎረምሳ ሆነው የመጡ፣ ሱቅ ውስጥ ልብስ የሚሰፉ፤ ሃያ ዓመት የሁላችንንም ጨዋታ ያፏጩ። ሜዳ ገባሁ። ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም። "ዓይንዎን ይታከሙ" ያልኩት ግን ትዝ ይለኛል። ጫማዬንም ወርውሬያለሁ። እግራቸው ሥር ወደቀ። ጎንበስ ብለው አነሡት፣ አቧራውን አራግፈው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

"ስንሻው፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" አሉኝ። የእኔኑ የክርስቲያኑን ተረት ለእኔ! ሜዳው ሁሉ ሳቀ።

አቻ ስለወጣን በነጥብ ሁለታችንም ለፍጻሜው አልፈናል። የውድድሩ ኮሚቴ ግን አስጠንቅቆኛል፤ ደግሜ መስመሩን ካለፍኩ ቡድኔ ይሰረዛል።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

አየሁት! በዓይኔ በብረቱ አየሁት!

ሻይ የምትሸጠው ሄለን ሎሪ ላይ ወጥታ ጨዋታውን ሙሉ ቀርጻለች። እዚሁ ሱዳን ያደገች ልጅ ናት፤ ወሬዋ ግማሹ ዐረብኛ። "ጋሽ ስንሻው፣ ሹፍ፣ እይ... ተከላካዩ ከታምሬ ኋላ ነው ያለው። ኦፍሳይድ ማፊ" አለችኝ። ማፊ! የለም! ሻዩን ደፋሁት።

እንግዲህ ያ በቪዲዮ የሚፈርዱበት ቫር ማለት ይኼ አይደል? እነዚያ የአውሮፓ አሰልጣኞች ሱፍ ለብሰው፣ በጣታቸው አየር ላይ አራት ማዕዘን እየሠሩ ሲያብዱ እስቅባቸው ነበር። ዛሬ እኔም ገበያ መሀል ስሠራው ዋልኩ። ሄለንን ያችን ብቻ ቆርጠሽ ስጪኝ አልኳት። ኔትወርክ የለም፤ በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ሄደ። ኮሚቴው ውጤቱን አልለወጠም። ግን በፍጻሜው እያንዳንዱ አሰልጣኝ አንድ ጊዜ "ስልኩ ይታይልኝ" ማለት ይችላል ብሎ ወሰነ። እኔ ነኝ ያመጣሁት! ቫር ሀዋታ ገባ!

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ቪዲዮው መፋዛ ደርሷል አሉ። ልጆች ጋሼ ሙዘይንን እየተከተሉ በጣታቸው መነጽር ይሠሩባቸዋል። ለእናትነሽ እየሳቅኩ ነገርኳት። አልሳቀችም።

"የሱሪህን ጉልበት ማን ነው የጠገነልህ?" አለችኝ።

ምን አገናኘው?

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ጋሼ ሙዘይን ፊሽካውን መለሱ። በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለኮሚቴው ላኩት። ቃል የለበትም... ፊሽካው ብቻ።

ሌላ ዳኛ እንፈልግ ስንል ባንታምላክ እንቢ አለ። የሀዋታ ሰው ለሀዋታ ያደላል፤ የመፋዛ ሰው ለመፋዛ። ሁለታችንንም እኩል የሚበድለን ሙዘይን ብቻ ነው ይላል። እውነቱን ነው። ዳኛ ከሌለ ፍጻሜ የለም። ፍጻሜ ከሌለ ገዳሪፍ የለም። ልጆቹ ደግሞ ከገና በኋላ ለማሽላ አጨዳ ይበተናሉ።

በእኔ ምክንያት?

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

በምሳ ሰዓት ሄለን ጋ ተቀምጬ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አየሁት። ያ የታምሬ የመጀመሪያ ጎል፣ በግርግር የገባው... በእጁ ነው የመታው። መልሼ አየሁ። ሦስቴ። እጅ ነው። ሄለን ብርጭቆ እያጠበች፣ "አንተ ነህ ቁረጪው ያልከኝ" አለች።

ታምሬን ጠርቼ ጠየቅኩት። መሬት መሬት እያየ፣ "ዝም ስትል ያየህ መስሎኝ ነበር" አለ።

ጋሼ ሙዘይን አንድ ጊዜ ለእኔ ተሳሳቱ፣ አንድ ጊዜ በእኔ ላይ። እኔ አንዷን ቆርጬ በተንኩ። አፈርኩ።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ዝም ብልስ? የእጁን ነገር የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን...

ሰሊጡ ውስጥ ዋልኩ። ምሳ አልበላልኝም።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ፣ የገብርኤል ዕለት

ባገራችን የበደለ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቅ። ጥሩ። ግን እዚህ ድንጋይ ከየት ይመጣል? አገሩ በሙሉ ጥቁር አፈር! ከቤቱ ዙሪያ እስከ ወንዙ ፈለግኩ፤ ጠጠር እንኳ የለም። እናትነሽ ስታየኝ ቆይታ ገባችና የወፍጮዋን ድንጋይ እያንከባለለች አወጣችልኝ። "ከሰበርከው አትመለስ" አለች። አንገቴ ላይ ስትጭነው ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ገበያውን መሀል ለመሀል አቋረጥኩ። ሰው ቆሞ ያያል። አንድ ሱዳናዊ ድንጋዩን በስንት ትሸጠዋለህ ብሎ ጠየቀኝ። ከጋሼ ሙዘይን በር ላይ ተንበረከክኩ። የያዙት ቀሚስ ነበር፤ ስፌቱን ጥግ እስኪያደርሱ ቀና አላሉም። አንገቴ ሊቀነጠስ ደረሰ። ከዚያ መጥተው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱልኝ።

ሙሉውን ቪዲዮ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩ፤ የታምሬን እጅ ደግመው አዩ።

"ይኼንን አላየሁም" አሉ። "ሁለቱንም አላየሁም። ይቅር ብዬሃለሁ፣ ስንሻው። ፊሽካውንም እይዛለሁ። ግን በገና ስልኩን የምታየው አንተ ነህ። አንተ ያልከውን አፏጫለሁ።"

የራሴ ቡድን እየተጫወተ እንዴት ይሆናል አልኳቸው።

"ከመስመር ውጪ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው" አሉ። "እስቲ ግባና ሞክረው።"

ባንታምላክ ይኼን ሲሰማ ይበጠብጣል ብዬ ነበር። የድንጋዩ ወሬ ቀድሞኝ መፋዛ ደርሷል መሰለኝ፣ "ድንጋይ ተሸክመህ ከዋሸህማ ዋንጫው ይገባሃል፣ ውሰደው" ብሎ ስቆ ተስማማ። ሙሉውን ቪዲዮ ለሁሉም ላክሁ። ልጆቹ መነጽር መሥራታቸውን ትተዋል ይላሉ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

በሥርዓት ልጻፈው።

ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። በአህያ፣ በትራክተር፣ በእግሩ የመጣ ሰው... መስመሩ በአመድ ተሠምሯል። ከዕረፍት በፊት ታምሬ አገባ። በእግሩ! ወደ እኔ እየሮጠ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። አቀፍኩት። ገዳሪፍ ታየኝ፤ መቀመጫው ሳይቀር ታየኝ።

አምስት ደቂቃ ሲቀር መፋዛዎች ከሩቅ መቱ። ኳሷ አግዳሚውን ገጭታ ወደ ታች ወርዳ ነጥራ ወጣች። ጋሼ ሙዘይን ይቀጥል አሉ። ባንታምላክ መስመሩ ላይ ቆሞ በጣቱ አራት ማዕዘን ሠራ። አላበደም፣ አልጮኸም። እኔን ብቻ አየኝ።

ፀሐዩ ስልኩን አላሳይ አለ። ሄለን ቶቧን፣ ያን ሰፊ የሱዳን ነጠላዋን፣ አውልቃ ሁለታችንንም ከላይ ሸፈነችን። ውስጡ ይሞቃል፤ ውጪ ከበሮው፣ ፉጨቱ። አየሁ። ኳሷ ከመስመሩ ወዲያ መሬት ነክታለች። በኳሷና በነጩ አመድ መሀል ጥቁር አፈር ይታያል። ሁለት ጣት ያህል። ደግሜ አየሁ። አፈሩ አልጠፋም።

"ጋሽ ስንሻው..." አለች ሄለን፣ ቀስ ብላ። "እኔ ምንም አልልም።"

የአሥራ አራቱ ልጆች ፊት ታየኝ፤ ያች አንድ ታኬታ ታየችኝ። ወላሂ ለመዋሸት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ አንገቴን አመመኝ፣ ድንጋዩ የነበረበት ቦታ። ቶቡን ገልጬ ወጣሁና በጣቴ ወደ መሀል ሜዳ ጠቆምኩ። ጎል ነው።

ጋሼ ሙዘይን አፏጩ። የእኛ ሰዎች ሰደቡኝ፤ የቻሉትን ያህል ሰደቡኝ። በፔናልቲ አራት ለሦስት ተሸነፍን። የመጨረሻዋን የሳተው ታምሬ ነው። ሳያናግረኝ ሄደ።

ባንታምላክ መጥቶ ትከሻዬን መታኝ። እናትነሽ ቤት ስገባ ውሃ አቀረበችልኝ። ደስ ብሎኛል። እንዴት ደስ ይለኛል? ተሸንፌ! ግን ብሎኛል።

ጥር 8፣ ዓርብ

መፋዛዎች ለገዳሪፉ ጨዋታ የሚያሟሟቃቸው ግጥሚያ ፈልገው ዛሬ መጡ። ማሽላው ገና ስላልደረሰ ልጆቻችን አልተበተኑም። ጋሼ ሙዘይን ዓይናቸውን ለመታየት ሄደዋል። ፊሽካውን በዚያው ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለእኔ ተዉት። ሁለቱም ቡድን ስንሻው ያፏጭ ብሏል። ሁለቱም!

የእኛን ልጆች በእኔ ፋንታ የሚመራው ታምሬ ሆነ። ሰላም አለኝ፣ በአጭሩ።

በአሥረኛው ደቂቃ በእኛ ላይ ኦፍሳይድ ነፋሁ። ታምሬ እየጮኸ ሜዳ ገባ። ዓይንህን ታከም አለኝ። ጫማውን ወረወረው፤ እግሬ ሥር ወደቀ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ልል አፌ ላይ ነበር... ገና አልፏል።

ትክክል ነበርኩ? አላውቅም። ሄለን ሎሪው ላይ ስልኳን ከፍ አድርጋ ትስቃለች።

ጎንበስ ብዬ ጫማውን አነሣሁ። አቧራውን አራገፍኩና በሁለት እጄ ሰጠሁት።