ለወጣት ጋሻ ጃግሬዎች የበላይ ሞግዚት፦ ስለ አስተያየት መስጫው ቅጽና ስለ ልጄ የፊት ጥርሶች

ለተከበሩ ሚስተር ሎውል ሃንስኮም፣
በነብራስካ የወጣት ጋሻ ጃግሬዎች ወንድማማች ማኅበር የበላይ ሞግዚት

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ፤ የሐምሌው ሙቀት እንዳይጎዳዎ፣ በቆሎዎም እንደ ጎረቤትዎ ሁሉ እንዲያምርልዎ ከልብ እጸልያለሁ። እኔ ጃኒስ ኩቢቼክ እባላለሁ፤ የአሥራ አምስት ዓመቱ የጋሻ ጃግሬ ኤሜት እናት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከምክር ቤትዎ የደረሰን «ሰማናችሁ፣ አሻሻልን» የተሰኘ ባለ ቀለም መግለጫ፣ የተሳታፊዎች አስተያየት ለዘንድሮው ዓመታዊ ጉባኤ መሻሻል ምን ያህል እንደ ጠቀመ በሰፊው ስለሚያትት፣ እኔም የበኩሌን ምስጋና ለማቅረብ ተነሣሁ። ሆኖም ቅጹ ለወላጅ የተወው ቦታ ሁለት መስመር ብቻ በመሆኑ፣ ለቀረው የከተማችንን ጋዜጣ ለማስቸገር ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቅጹ አዘገጃጀት ላመስግን። «ከጉባኤያችን ይበልጥ ያስደሰተህ የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ አለው፤ ያላስደሰተውን የሚጠይቅ ግን የለውም፤ ይህም ልጆቻችን በከንቱ እንዳያዝኑ ታስቦ መሆኑ ይገባኛል። ስም ያልተጻፈበት ቅጽ እንደማይቆጠር፣ ሲሞላም የየቅርንጫፉ ሞግዚት ከልጁ ትከሻ በላይ እንደሚያነብ አውቃለሁ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ልጆቹ ካቻምና በቅጹ ጠርዝ ላይ እየተሻሙ ጻፉ። አንዱ «ሹመቱ ሲነበብ ብንቀመጥስ?» አለ። ሌላው «ካባው ይሞቃል፣ ዘንድሮ ሁለት ልጅ ወደቀ፣ ኧረ እባካችሁ» አለ። ከኦጋላላ ከተማ የመጣ አንድ ልጅ ደግሞ «አያቴን ስንቀብር እንኳ ይህን ያህል አልቆምንም» ብሎ ጻፈ። የልጆቹ አጻጻፍ ሥርዓት የጎደለው በመሆኑ ይቅርታ እጠይቅላቸዋለሁ፤ ጉልበታቸውን ገትረው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ወፍራም ካባ ለብሰው፣ ማቀዝቀዣ በሌለው የትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ የቀድሞ ሞግዚቶች ስም ዝርዝርና ንግግር እስኪያልቅ የቆመ ሰው አንዳንዴ ቃል መምረጥ ያቅተዋል።

ሁለተኛ፣ ለዚህ አስተያየት ስለ ሰጣችሁት ፈጣን ምላሽ። የሙቀቱን ቅሬታ ሰምታችሁ አምና የማኅበሩ ዓርማ የታተመበት የወረቀት ማራገቢያ አሠርታችሁ አመጣችሁ፤ እጅግ ያምር ነበር። ልጆቹ እጃቸውን ከደረታቸው ማንሣት ስለማይፈቀድላቸው ማራገቢያዎቹ ለእኛ ለወላጆች ታደሉ። ስለዚህ የልጆቹን ሙቀት እኛ በደረጃ ከተደረደረው የተመልካች መደዳ ወንበር ላይ ሆነን እያራገብን ተመለከትን። ስለ ምግቡ ለቀረበው ቅሬታም ሰናፍጩ ተቀይሯል፤ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ ድምፅ አሰጣጣችሁ። በማኅበሩ ደንብ የደገፈ ይቆማል፣ የተቃወመ ይቀመጣል። «እንቀመጥ» የሚለውን የልጆቹን ጥያቄ አምና ለጉባኤው አቅርበው ድምፅ እንዲሰጥበት መፍቀድዎ ሊያስመሰግንዎ ይገባ ነበር፤ ያቀረቡት ግን በሹመቱ ሥነ ሥርዓት መካከል፣ ማለትም ማንኛውም ጋሻ ጃግሬ በደንቡ መቆም ባለበት ሰዓት ነበር። «ሥርዓታችን እንደ ቆየ ይቀጥል የምትሉ ቁሙ!» አሉ። ልጆቹ ግን ቀድሞውንም ቆመዋል። አንድ ልጅ እንኳ እንዳይሳሳት ሁሉም ቀድመው ድምፃቸውን እንዲሰጡ ያደረጋችሁበት ዘዴ በየትኛውም ምርጫ አይቼው የማላውቀው ነው።

ኤሜት ራሱን ስቶ የተደፋው በዚያች ቅጽበት ነው። እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረው ስለ ነበር ወለሉን የተቀበለው በአፉ ነው። እኔ ከመደዳው ወርጄ ስሮጥ ክቡርነትዎ በድምፅ ማጉያው «አንድ ተቃውሞ ተመዝግቧል!» አሉ፤ አዳራሹም ሳቀ። የልጄን አፍ በካባው ጫፍ ይዤ ደሙን ለማቆም ስሞክር ሳቁ ገና አላበቃም ነበር። ጸሐፊዎ ደግሞ፣ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው በመሆናቸው፣ «ከአንድ ተቃውሞ በቀር ጸድቋል» ብለው በኩራት አወጁ። ሚስተር ሃንስኮም፣ በትሕትና ልጽፍልዎ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ግን አልቻልኩም። ተጸየፍኳችሁ።

ወደ ትሕትናዬ ልመለስ። ኤሜት ትራምፔት ይነፋ ነበር፤ ደህና አድርጎ ይነፋል ተብሎም ለክፍለ ግዛቱ የወጣቶች የሙዚቃ ጓድ ተመርጦ ነበር። ሐኪሙ ሁለት የፊት ጥርስ ተክለውለታል፤ የተሰፋው ከንፈሩ ግን መሣሪያው ላይ ሲያርፍ እንደ ድሮው አይታዘዝለትም፣ ድምፁ ይሰነጠቅበታል። በመስከረም ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። እስከ ገና ድረስ በሩን ዘግቶ ሲሞክር እሰማው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ከክፍሉ ድምፅ አልሰማሁም።

አራተኛ፣ ስለ ሆስፒታሉ ጉብኝት። ከቀድሞ ሞግዚቶች አንዱ የሆኑት ሚስተር ዊልበርት ዶርን ልጄን ለማጽናናት በመምጣታቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አልጋው አጠገብ ቆመው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ከነድዱ አውልቀው አሳዩት፣ መልሰው ካጠለቁት በኋላም «አይዞህ ጎረምሳው! እኔም የፊቶቹን እዚያው ወለል ላይ ነው የተውኳቸው። አሁን አየኸኝ? በቆሎ እንኳ እግጣለሁ!» አሉት። ኤሜት ባበጠ አፉ «ትራምፔትስ ይነፋሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ትራምፔት ለምኔ ነው፣ ልጄ!» ብለው ሳቁ። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን አሳየው ነበር፤ ሰውዬው ግን የኬክ ሳጥን ይዘው ስለ መጡ አመስግኜ ሸኘኋቸው።

አሁን ወደ መግለጫችሁ እመጣለሁ። በተሳታፊዎች አስተያየት መሠረት ዘንድሮ ሁለት ማሻሻያዎች ተደርገዋል ይላል። የመጀመሪያው በጉባኤው ዋዜማ የሚሰጠው «ሳይጎዱ የመውደቅ ሥልጠና» ነው። ሁለተኛው ከየረድፉ ጀርባ ነጭ ጓንት አጥልቀው የሚቆሙ፣ ወዳቂውን የሚቀልቡ «ደጋፊ ወንድሞች» መሰየማቸው ነው፤ ሜዳሊያም ተዘጋጅቶላቸዋል። የደጋፊዎቹ አለቃ ሆኖ የተመረጠው ደግሞ «ካለው የላቀ ልምድ የተነሣ» ኤሜት ኩቢቼክ ነው። ልጆቹ በጠየቁት ወንበር ፈንታ ጓንት ሰጣችኋቸው። የእኔን ልጅ ጥርስ ደግሞ ልምድ አላችሁት።

ይህን ሳነብ ኤሜትን ከማኅበሩ ላስወጣው ወሰንኩ፤ እርሱ ግን እምቢ አለኝ። «እሄዳለሁ፣ እማ» አለኝ። «የጓደኛዬ የኮልተን ታናሽ ወንድም ዘንድሮ ገና መጀመሪያው ነው፣ አሥራ ሁለት እንኳ አልሞላውም፣ ደግሞ ደረቱን ያመዋል። ስሞቹን ማንበብ ሲጀምሩ ወለሉ ላይ ቁጭ እላለሁ። ያባርሩኝ ከፈለጉ።» በሥነ ሥርዓት መካከል የተቀመጠ ጋሻ ጃግሬ ካባውን ተገፍፎ እንደሚባረር ደንባችሁን አንብቤያለሁ። ለልጄ የቀሩት ጓደኞቹ በሙሉ ያሉት እዚያ ማኅበር ውስጥ ነው፤ ከሙዚቃው ቀጥሎ እነርሱንም ሊያጣ ነው። ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለእነዚህ ልጆች ወንበር ይስጧቸው። ካልሰጧቸው ግን እኔም ከመደዳው ወርጄ ከልጄ ጎን ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ፤ ካባ ስለሌለኝ ምን እንደምትገፍፉኝ ምክር ቤትዎ ከወዲሁ ይምከርበት።

የአስተያየት መስጫችሁን እስከ ዛሬ በአግባቡ ባለመሙላቴ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ለልጆቻችን ጥንካሬ ስለምታደርጉት ያላሰለሰ ድካም ከወገቤ ጎንበስ ብዬ በማመስገን፣

ምንጊዜም ታዛዥዎ፣
ጃኒስ ኩቢቼክ
የአንዱ ተቃዋሚ እናት

ማሳሰቢያ፦ በአምናው ቆጠራ ላይ ትንሽ ስሕተት ስላለ ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል። በደንባችሁ የተቀመጠ ሁሉ ተቃዋሚ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት መድረኩ ላይ በቆዳ ወንበር ተደላድላችሁ የነበራችሁት እርስዎና አሥራ ስድስቱ የቀድሞ ሞግዚቶች ጥያቄውን ከልጄ ጋር ደግፋችኋል፣ ሥርዓቱንም ተቃውማችኋል ማለት ነው፤ እናም ተቃውሞው አንድ ሳይሆን አሥራ ስምንት ነበር። ከአሥራ ስምንታችሁ ወንበር ያልነበረው የእኔ ልጅ ብቻ ነው።