የአያት እስትንፋስ

ትራፔያንግ መንደር፣ ካምፖንግ ቻም
የውሃው በዓል ሊገባ ሰሞን

ለምወድህ ልጄ ለቦረይ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ኮሪያ ብርዱ ጀመረ ይላሉ፤ አንገትህን ጠቅልል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ መውጣት ስለጠላ የምተኛው ከቤቱ ሥር፣ ከምሰሶዎቹ መሃል፣ ከላሟ ጎን ነው።

ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነውና ታገሰኝ። ይህን ይዞልህ የሚመጣው የጎረቤታችን የቻንታ ባል እኔ ልጻፍልህ ብሎኝ ነበር፤ እንዲህ ያለውን በሰው እጅ አላስጽፍም አልኩት። በስልክ እንዳልነግርህ ሚስትህ አጠገቤ ቆማ ወሬውን ታስቀይረኛለች።

ልጅህ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ገብታለች። ገና ጭብጥ የማትሞላ ናት። ነርስ ሶፒያፕ እየመጣች ታያታለች፤ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ አልጠባም ካለች፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ሳትውል ሳታድር አምጧት ብላለች። ወለሉ ቀርከሃ ስለሆነ ስትተነፍስ ከታች ይሰማኛል። እሱን ሳዳምጥ ነው የማድረው።

የሆነውን ልንገርህ። ለሙታን በዓል መነኮሳቱ ዘንድ ፓጎዳ ስንመላለስ ሰዉ ሁሉ ይስል ነበር፤ እኔንም ያዘኝ። ሶፒያፕ ሚስትህን ማሊስን ልታይ መጥታ፣ "አያ ቶል፣ የሚያስለው ሰው እርጉዟ ዘንድ አይድረስ። ለእርስዎ ጉንፋን የሆነው ለእሷ ሌላ ነው" አለችኝ። ይህ የትምባሆ ሳል ነው፣ ከሟቿ እናትህ ጋር አብሮኝ የኖረ ነው ብዬ መለስኳት።

ደግሞ ታውቃለህ፣ በመንደሩ ያበጠውም ያተኮሰውም የሚመጣው ወደኔ ነው። ጸሎቱን ደግሜ እፍ ካልኩበት ያመሰገነኝ እንጂ የወቀሰኝ የለም። ለማሊስም ምጡ እንዲቀልላት እፍ ልልላት ጠራኋት። ፊቷን ዘወር አደረገች። የከተማ ልጅ ናቀችኝ ብዬ ከፋኝ።

"የኔ ትንፋሽ ነው የሚሸትሽ? ባልሽን ያሳደገው እኮ ይሄው ትንፋሽ ነው" አልኳት።

ዓይኗን ጨፍና ቀረበችኝ። ግንባሯ ላይም ሆዷ ላይም እፍ አልኩ። በመሃል ሳሌ መጣብኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳቱ ጣላት። ትንፋሽ ሲያጥራት በሞተር ጭነን ወሰድናት፤ ልጅቷም ያለ ወሯ ተወለደች። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አድርገው የመስታወት ሣጥን ውስጥ አስተኟት። ሐኪሙ ኢንፍሉዌንዛ ነው፣ የእናትየው ሕመም ነው ያጣደፋት አለ። ከማን ያዛት ብሎ አልጠየቀም። ቢጠይቅ ምን እንደምል እንጃ።

ከተመለሱ በኋላ አንድ ጠዋት ማሊስን፣ ያን ቀን እምቢ ብትዪኝ ምን ነበረበት አልኳት።

"እምቢ ብልዎ አይቆጡም ነበር፣ አባባ?"

"እቆጣ ነበር።"

"ታዲያስ" ብላኝ ማጥባቷን ቀጠለች።

ትናንት ደግሞ ልጅቷን ታቅፋ ደረጃውን ወረደች። ሳልዎ ለቆዎታል፣ ሶፒያፕም ፈቅዳለች፣ አናቷ ላይ እፍ ይበሉላት አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ሕፃን ይዞ እየመጣ የሚለምነኝን ሰውዬ አፌ እምቢ አለኝ። ጸሎቱ ጠፍቶኛል ብዬ ዋሸሁ።

"እስኪያስታውሱት እንጠብቃለን" ብላ ሳቀችና አጠገቤ ተቀመጠች። ላሟ እስክትነሳ ድረስ ተቀመጥን። ልጅህን ከቅርብ ያየኋት ያኔ ነው። አፍንጫዋ የእናትህ ነው። ጸሎቱን ግን አንተ ስትመጣ በጆሮህ እነግርሃለሁ፤ አንተ በልላት።

እስከዚያው የሰው አገር ብርድ አይክበድብህ፤ የዘራኸው ይለምልም፣ የለፋህበት ይግባልህ። ልጅህ ትንፋሿ የረጋ፣ ዕድሜዋ የረዘመ ትሁን።

አንድ ነገር ቀረኝ። ማሊስ በስልክ ሕመሙ ከገበያ ነው የያዘኝ ስትልህ እዚሁ ከሥር ተቀምጬ እሰማ ነበር፤ አላረምኳትም። ማሊስ በዚያ ሰሞን ገበያ አልወጣችም።

አባትህ ቶል