ቶሉን የተባለው ቲነር

ኅዳር 3
ሾላ ታክሲ ተጋፍቼ፣ ጫማዬን አስረግጬ ላብራቶሪ ገባሁ። የማስተርሴ ሞለኪውል ብርሃን ሲመታው ፕሮቶኑ ከኦክሲጅኑ ወደ ናይትሮጅኑ ይዘላል። ከዘለለ አረንጓዴ ያበራል፤ ካልዘለለ ሰማያዊ። ኤታኖል ውስጥ ሳሟሟው አልኮሉ ፕሮቶኑን ይዞ አላስዘልል ይለዋል። ቶሉን የሚባለው ማሟሚያ ግን አይነካውም፤ አረንጓዴ ብቻ መሆን ነበረበት። ዛሬ ቶሉን ውስጥም ሰማያዊ! አማካሪዬ ዶክተር ሰርፀ ሊያቅፉኝ ምንም አልቀራቸው።
"አዲስ ግኝት ነው እኮ! ዘንድሮ ትመረቂያለሽ።"
እውነት ይሆን?

ኅዳር 12
የቶሉኑን ጠርሙስ ስከፍት... የበር ቀለም ሸተተኝ። አብሮኝ የሚሠራውን ነአምንን ጠየቅሁት።
"አልቆ ነበር፤ ከሾላ ቲነር ገዝቼ ሞላሁበት። ለዕቃ ማጠቢያ ብዬ እኮ ነው... ሶሪ፣ ልነግርሽ ረሳሁ።"
ቲነር! አልኮል አለው፣ ሌላም እግዜር የሚያውቀው ነገር አለው። ፕሮቶኔን የያዘው እሱ ነዋ!

ኅዳር 13
ያልተከፈተ ቶሉን ከጎረቤት ላብራቶሪ ለምኜ ደገምኩት። ጥርት ያለ አረንጓዴ። ለዶክተር ሰርፀ አሳየኋቸው።
"የጥናት ጽሑፉ ለጆርናሉ ተልኳል" አሉ፣ ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከሩ።
"እናስመልሰዋ፣ ዶክተር።"
"ማን ጠርሙስ ሊያሸት ይመጣል? ምረቃሽን አስቢ።" ጎረሱ። አላመጡ። አስጠሉኝ... እኚህን ሰውዬ ነበር የማከብረው?

ኅዳር 14
ንጹሕ አየር ፍለጋ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ባሕር ዛፉም ቲነር ቲነር አለኝ። ቤት ስገባ ለእማዬ ነገርኳት።
"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ።"
ዝንቡማ ገብቷል እኮ፣ እማዬ።

ኅዳር 19
ሴሚናር። ሁለት ጠርሙስ ይዤ ገባሁ፤ መብራት አስጠፍቼ የዩቪ ባትሪ አበራሁባቸው። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ።
"ሰማያዊው ቶሉን አይደለም፤ የሾላ ቲነር ነው። የላክነው ውጤት ስህተት ነው።"
አዳራሹ ሳቀ። ዶክተር ሰርፀን ግን አንድም የጠየቃቸው የለም! ያ ሁሉ ምሁር ተነስቶ ብስኩቱ ላይ ሰፈረ። እሳቸው በር ላይ ጠበቁኝ።
"ሌላ አማካሪ ፈልጊ።"

ኅዳር 20
አዲስ አማካሪ ፍለጋ በር ማንኳኳት ጀመርኩ።

መጋቢት 11
ጽሑፉ ወጣ። ሰማያዊው እንዳለ አለ። የእኔ ስም የለም... በቦታው ነአምን! ቲነሩን በገዛ እጁ የሞላው ሰውዬ። ደግሞ ሳያፍር ደወለ።
"እንኳን ደስ አለህ አትይኝም እንዴ?"
ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ዘንድሮ አልመረቅም፤ አዲሷ አማካሪዬ ሁሉንም ከመጀመሪያው ድገሚ ብለውኛል። ለእማዬ ነገርኳት።
"ስምሽን ከዚያ ውሸት ውስጥ አወጡት?"
"አዎ።"
መቼም ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ።
"እሰይ!" አለች።