የኑራ ማንኪያ

ለውድ እናቴ፣ ባቲ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ፣ ዳገቱን ስትወጪ አሁንም መሐል ላይ ያስቆምሻል? ዓይንሽስ? ላሚቱ ወለደች ወይ? ወንድሜ ናስር ደህና ነው? ልጄ ኑራስ ደረቷ እንዴት ነው፣ አሁንም ያፍናታል ወይስ ተዋት? እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። የሎጊያ ሙቀት ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቷል፤ የጂቡቲ መኪናም አቧራውን እያስነሳ ከምግብ ቤታችን ደጃፍ አይጠፋም። ከሙቀቱ የባሰ ያቃጠለኝ ግን የአንቺ ነገር ነው። ናስር፣ ይህን ስታነብላት እንዳትዘል፤ ቁጣውንም እንደ ቁጣ አንብበው።

ሹፌሩ ሙሐመድሰዒድ ወደ ጂቡቲ ሲወርድ ጥቁር አዝሙድ የገባበትን ማር አድርሶልኛል፣ እጅሽ ይባረክ። መልእክትሽንም ነገረኝ። ዶሮዎቹ ክንፋቸውን እየጣሉ ያንቀላፋሉ፤ አንቺ ግን ሳይሞቱ ፈጥነሽ በቢስሚላህ እያረድሽ አንዲቷም በክት ሆና አልተጣለችም አሉ። እማዬ፣ በዚህ ትኮሪያለሽ? ሬዲዮው ስለ ወፍ ጉንፋን ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮህ አንቺ ጤነኛዋን ለገበያ፣ በሽተኛዋን ለድስት! በእጅሽ ያሳደግሻትን ለጅብ መጣል እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። ግን የታመመች ዶሮ ቢስሚላህ ስለተባለባት ከበሽታዋ አትድንም።

ፈንግል ነው፣ በየዓመቱ የሚመጣው የዶሮ በሽታ ነው ብለሻል። ይሆናል። የእንስሳት ሐኪሙ አቶ በለጠ ከሰመራ መጥተው እኛ ዘንድ ምሳ ሲበሉ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ፈንግል ሊሆን ይችላል አሉኝ፤ ሳይመረመር ግን ማንም በዓይኑ አይቶ አይለየውም። እስኪለይ ድረስ የታመመች ዶሮ አትታረድ፣ ላባዋ አይነጭ፣ ልጅ አይጠጋት፣ የሞተችው ራቅ ብሎ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ትቀበር አሉ። ማርና ጥቁር አዝሙድስ ብላቸው፣ መብላቱን ብሉት፣ ለዚህ በሽታ ግን አጥር አይሆንም አሉኝ።

እዚህ ያለውም ሰውዬ ካንቺ አይሻልም። ባሌ ታጁ ከጂቡቲ ከመጣ ነጋዴ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በጠርሙስ ገዝቶ፣ የተፈጥሮ ነው፣ የወፍ ጉንፋን ባጠገባችን አያልፍም እያለ ጠዋት ማታ ያስውጠኛል። ጭራሽ በደንበኛ ሻይ ላይ ጠብ ማድረግ ጀምሮ፣ አንዱ ሹፌር ይሄ ሻይ ነው ወይስ የፀጉር ቅባት ብሎ ብርጭቆውን ገፋልኝ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለው ሰው ጥሬ ዶሮ በበለተበት እጁ ዳቦ ይቆርሳል! ሳሙና ስለው፣ ዘይቱን ጠጥቻለሁ ይለኛል። ተማክራችሁ ነው ወይ?

ይህንስ ስቄ ባሳለፍኩት ነበር። ያበገነኝ ሙሐመድሰዒድ ሊሄድ ሲል እየሳቀ ያጫወተኝ ነው። ኑራ በየጠዋቱ ለመከላከያ ብለሽ የምትሰጫትን ማር በማንኪያ ይዛ ወደ ዶሮዎቹ ትሄዳለች አለኝ። ያቺን የደከመች ነጠብጣብ ዶሮ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ መጀመሪያ ለሷ፣ እሷ ናት የታመመችው እያለች ከማንኪያው ታበላታለች። የተረፈውን ራሷ ትልሰዋለች። ልጅሽ ሩኅሩኅ ናት አለኝ ሰውየው። እኔ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ።

እማዬ፣ ደረተ ደካማ ልጄን ወዳንቺ የላክኋት ከዚህ አቧራ ላተርፋት ብዬ ነው። አሁን ላምጣት ብል ይኸው አቧራው፣ ልተዋት ብል ይኸው ዶሮው። ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር ለሁሉም መድኃኒት ነው ትያለሽ። አልካድኩም። እኔ የምፈራው ግን ያንኑ የቀረውን ነው።

ስለዚህ እባክሽ ስሚኝ። ዶሮዎቹን ከምትተኙበት ቤት አውጪያቸው። ኑራ ከእንግዲህ አትጠጋቸው፣ እጇንም በሳሙና እጠቢያት። ናስር ዛሬውኑ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይንገር። ኑራን ካተኮሳት ወይም ሳል ከያዛት ደግሞ ማሩ ይሠራ እንደሆን ልይ ብለሽ አንድ ቀን እንዳታሳድሪያት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘሻት ሂጂ፣ ከታመመ ዶሮ ጋር መዋሏንም አትደብቂ። የጠየቅሽኝን የጠርሙስ ዘይት አልላክሁም። በሱ ፋንታ አንድ ካርቶን ሳሙና ከጂቡቲ በሚመለሰው በሙሐመድሰዒድ እጅ ልኬያለሁ። ከፈለግሽ ተቀየሚኝ።

ናስርን፣ ሚስቱን ሀምዳን፣ ጎረቤቱንም ሁሉ ሰላም በይልኝ። ለላሚቱም ሰላምታ አለኝ፤ ለዶሮዎቹ ግን የለኝም። ታጁም ሰላም ብሎሻል፣ እጁን አስታጥቤ ነው ሰላምታውን የተቀበልኩት። አንቺም ቁጣዬን አፉ በይኝ፤ የምጮኸው እጄ ስለማይደርስ ነው።

ለኑራ በሳሙናው ካርቶን ውስጥ አዲስ ማንኪያ አለላት። እናትሽ ናት የላከችልሽ፣ ከማንም ጋር አትካፈይው አለች በያት። ነጠብጣቧን ዶሮ ማን ከለከለኝ ብላ ካለቀሰችም፣ እናትሽ ናት በያት። እኔን ትጥላኝ። ብቻ ትኑርልኝ።

ልጅሽ ዙሌይካ
ሎጊያ፣ መጋቢት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.